ሴሉን ማን አቆመው? ከበሽታ መከላከያ ሴሎች የወጣ ፕሮቲን የዲኤንኤ ግንባታን መግታቱን ለማረጋገጥ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባለ 96 ጉድጓዱን ፕሌት ገና ማሽን ውስጥ ሳትከቱት ውጤቱ በዓይን ይታያል። ለማወዳደሪያ የተቀመጡት ኮንትሮሎች ያሉበት መደዳ ደማቅ ቢጫ ነው። የነጭ የደም ሴሎች ፈሳሽ የገባበት መደዳ ግን ነጣ ብሏል። ቢጫው በቀነሰ ቁጥር አዲስ የተሠራው ዲኤንኤ አነሰ ማለት ነው። ልብ ይመታል። "አገኘሁት!" ያሰኛል።

እኔም ብዬ ነበር። ተማሪ እያለሁ ከነጭ የደም ሴሎች የሰበሰብኩት ፈሳሽ የዲኤንኤ ግንባታን በጣም ቀነሰ። ሁለት ወር ሙሉ "ፕሮቲኑን" ሳሳድድ ከረምኩ። በመጨረሻ ሲጣራ ጥፋተኛው ሴሎቹን ለማነቃቃት በገዛ እጄ የጨመርኩት ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። "ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ" የሚባለው ለካ ለላብራቶሪም ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያን ሁለት ወር ሌላ ሰው እንዳያባክን ነው። ቁጥሩ እንዲወርድ ማድረግ ቀላል ነው። ያወረደው ከሴሎቹ የወጣ ፕሮቲን መሆኑን ማሳየት ነው ሥራው።

የምጽፈው የሴል ባህል መሠረታዊ ሥልጠና ላላቸው፣ ሁድና ኢንኩቤተር ላላቸው ወጣት ተመራማሪዎች ነው። ከሌላ ሙያ የመጣችሁም ብትሆኑ አካሄዱን መከተል አያቅታችሁም።

የምናሳድደው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1957 አይዛክስና ሊንደንማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ፣ ቫይረስ የነካቸው ሴሎች ሌሎቹን የሚጠብቅ ነገር እንደሚለቁ አሳዩ። ኢንተርፌሮን አሉት። በ1965 ደግሞ ዊሎክ የሚባል ተመራማሪ ነጭ የደም ሴሎች ፒኤችኤ በሚባል የቦሎቄ ፕሮቲን ሲነቃቁ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ነገር እንደሚለቁ አገኘ። ዛሬ ኢንተርፌሮን ጋማ የምንለው ነው። ሌላው ተጠርጣሪ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ነው። እሱን የሚለቁት የመከላከያ ሴሎች ብቻ አይደሉም። ነገር ግን የሌሎችን ሴሎች መብዛት በመግታት የታወቀ ነው።

አሠራራቸው ለየቅል ነው፤ በኋላ ለመለየት የሚረዳንም ይህ ልዩነት ነው። ቲጂኤፍ ቤታ ሴሉ ውስጥ ስማድ የሚባሉ መልእክተኞችን ይቀሰቅሳል። እነሱ ፒ15 እና ፒ21 የተባሉ ፍሬኖችን ያስይዛሉ። ሴሉ ዲኤንኤውን ማባዛት ከመጀመሩ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ይቆማል። ኢንተርፌሮን ጋማ ደግሞ ስታት1 በሚባል መልእክተኛ በኩል ፒ21ን ሊያበዛ ይችላል። በብዙ የሰው ሴሎች ላይ ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሰባብር ኢንዛይም ያስመርታል። ምግቡን ከአፉ መንጠቅ ነው። ትሪፕቶፋን ካለቀ ፕሮቲን አይሠራም፤ ፕሮቲን ካልተሠራ ዲኤንኤ አይባዛም። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ የሰው ሴል ውስጥ የገባውን ቶክሶፕላዝማ የሚያስርበውም ይኸው ዘዴ ነው። ሰውነታችን ተውሳክን በረሃብ ይቀጣል ማለት ነው። ይህ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ደም ከመቅዳታችሁ በፊት

ደም የሚሰጠው ሰው በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴም መፍቀድ አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ሰው የሰው ደም አይንካ። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ከዚያ ሴሎቻችሁን ማይኮፕላዝማ ለሚባል ጥቃቅን ባክቴሪያ አስመርምሩ። ማይኮፕላዝማ ሚዲየሙን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ግን ታይሚዲንን የሚሰብር ኢንዛይም አለው። ታይሚዲን የዲኤንኤ አንዱ ጡብ ነው፤ ቀጥሎ የምንለካውም በእሱ አምሳያ ነው። ተበክለው የቆዩ ሴሎች ላይ የተገኘ የ"መግታት" ውጤት ዋጋ የለውም።

አዲስ አበባ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ኢንኩቤተሩ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲል፣ ሚዲየሙ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ባሕር ዳርቻ ላይ 3.8 በመቶ የሚሰጠውን ያህል ነው። ሚዲየሙ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ሴሎችም ቀስ ብለው ያድጋሉ። ሚዲየሙን ኢንኩቤተር ውስጥ ካሳደራችሁ በኋላ ፒኤቹን ለኩ። 7.2 እና 7.4 መካከል ካልሆነ ጋዙን ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አድርጉና ድጋሚ ለኩ። መመሪያ የሚጽፉ ኩባንያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ የሚጽፉት ቆላ ሆነው ነው።

ደረጃ 1፦ ነጭ የደም ሴሎችን መለየት

ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ባለበት ቱቦ 20 ሚሊ ሊትር ደም ውሰዱ። ፒቢኤስ በተባለው የጨው ውኃ፣ በእኩል መጠን አቅጥኑት። ፊኮል የተባለውን፣ ጥግግቱ 1.077 የሆነውን ከባድ ፈሳሽ በሌላ ቱቦ ቅዱና ደሙን በላዩ ላይ በቀስታ አንጥፉት። ቱቦውን አዘንብላችሁ፣ የፒፔቱን ጫፍ ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ፣ ደሙ እየተንሸራተተ ይውረድ። ሁለቱ ከተደባለቁ ቀኑ አለቀ።

በ400 ጂ ለ30 ደቂቃ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሽከርክሩ። የሴንትሪፊውጁን ፍሬን አጥፉ። ፊኮሉን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትጠቀሙ፤ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ቀዝቃዛ ፊኮል ጥግግቱ ስለሚለወጥ ሴሎቹ በቦታቸው አይቆሙም።

ሲያልቅ ከላይ ቢጫ ፕላዝማ፣ ከታች ቀይ ደም፣ መሐል ላይ እንደ ስስ ጉም ያለ ነጭ ቀለበት ታያላችሁ። የምንፈልገው ጉሙን ነው። በፒፔት ሰብስቡት፣ ሁለት ጊዜ በፒቢኤስ እጠቡት፣ ቁጠሩት። ከጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ሴል ይገኛል። ደሙን በተቀዳበት ቀን ጨርሱት።

ደረጃ 2፦ ማነቃቃት፣ መንታውንም አለመርሳት

ሴሎቹን 10 በመቶ ኤፍቢኤስ (የጥጃ ሽል ሴረም) ባለው አርፒኤምአይ 1640 በተባለ ሚዲየም ውስጥ፣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን አድርጋችሁ አስቀምጡ። በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ፒኤችኤ ጨምሩ። ከ48 እስከ 72 ሰዓት በ37 ዲግሪ ይቆይ።

ፒኤችኤ ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ቦሎቄ በደንብ ሳይበስል የሚበላ ሰው ሆዱን የሚያመውም በዚሁ ፕሮቲን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖዌል የተባለ ፊላደልፊያ ያለ ተመራማሪ ይህ የቦሎቄ ፕሮቲን ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች እንዲከፋፈሉ እንደሚያደርግ ከዘገበ ወዲህ፣ የዘርፉ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ፒኤችኤ ሴሎቹን ካነቃቃ በኋላ አይጠፋም። ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ፈሳሹን መግታቱ በሚለካባቸው ዒላማ ሴሎች ላይ ስትጨምሩ እሱም አብሮ ይገባል፤ የሴሎቹን ቆዳ ይይዛል፣ ያጣብቃቸዋል፣ እድገታቸውንም ሊገታ ይችላል። የኔን ሁለት ወር የበላው ይህ ነው።

መድኃኒቱ መንታ ፍላስክ ነው። ከዚያው ሰው የተወሰዱ ያንኑ ያህል ሴሎች በሌላ ፍላስክ ያለ ፒኤችኤ አስቀምጡ። ፈሳሹን ከሰበሰባችሁ በኋላ ያንኑ መጠን ፒኤችኤ ጨምሩበት። አሁን ሁለቱም ፒኤችኤ አላቸው፣ ሁለቱም ሴል ያረፈባቸው ሚዲየም ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ሴሎቹ ነቅተዋል፣ በሌላው አልነቁም። ከሁሉም ኮንትሮሎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ገንዘቡ ካለ ፒኤችኤን ትታችሁ ሴሎቹን የሚያነቃቃ የሲዲ3 እና የሲዲ28 አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የተለጠፈባቸውን ጥቃቅን የማግኔት ዶቃዎች ተጠቀሙ። ሲያልቅ በማግኔት ትለቅሟቸዋላችሁ። በሳንባ ነቀርሳ ምርምር ውስጥ የሠራችሁ ይህን ደረጃ ታውቁታላችሁ። የደም ሴሎችን በነቀርሳው ፕሮቲን አነቃቅቶ የተለቀቀውን ኢንተርፌሮን ጋማ መለካት የታወቀ ምርመራ ነው። አዲስ አበባ ባለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም ኢንተርፌሮን ጋማን መለካት የቆየ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ ፈሳሹን መሰብሰብ

እናቶቻችን የቦካ ሊጥ ላይ የሚያቀረውን ቢጫ ፈሳሽ ቀድተው ለሚቀጥለው ቡሆ እርሾ ያደርጉታል። ሊጡ ከታች ይቀራል፣ ሥራውን የሚሠራው ነገር ፈሳሹ ውስጥ አለ። የኛም ነገር ይሄው ነው። በ400 ጂ ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩ፤ ሴሎቹ ይዘቅጣሉ። ላይኛውን ፈሳሽ ብቻ ቅዱ፤ ታችኛውን ለመድረስ አትስገብገቡ። ፈሳሹን በ2,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ድገሙት፤ የሴል ስብርባሪ ይወርዳል። ከዚያ ፕሮቲን በማይዝ ባለ 0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት።

በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍላችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቱቦ አንዴ ብቻ ይቅለጥ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከሆናችሁ ቱቦዎቹን በሁለት ፍሪዘር አካፍሉ።

የፈሳሹንም ቀለም እዩ። የነቁ ሴሎች ያሉበት ፍላስክ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሴሎቹ ስኳሩን በልተው አሲድ ተፍተዋል። መንታው ግን ቀይ እንደሆነ ነው። ይህ የሚያሳስብ ልዩነት ነው፤ የተራበና የኮመጠጠ ሚዲየም ብቻውን ሴልን ያዘገማል።

ደረጃ 4፦ ጥቃቅኑን ከፕሮቲኑ መለየት

ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። እኔ ግን የሙከራው ልብ እለዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማክሮፋጅ ከሚባሉ የመከላከያ ሴሎች የተሰበሰበ ፈሳሽ የሊምፎሳይቶችን የዲኤንኤ ግንባታ ይገታል የሚሉ ዘገባዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የሚለካው በጨረር አመንጪ ታይሚዲን ነበር። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1957 ቴይለርና ባልደረቦቹ በባቄላ ሥር ላይ ከተጠቀሙበት ጊዜ ጀምሮ ስሙ የገነነ ነው። ሴሉ ዲኤንኤ ሲሠራ ጨረር ያለውን ታይሚዲን ይወስዳል፤ ጨረሩ ይቆጠራል። ማክሮፋጆቹ ግን ሌሎች ሴሎችን ውጠው ካፈጩ በኋላ ጨረር የሌለው ተራ ታይሚዲን ይለቁ ነበር። ዒላማ ሴሎቹ ተራውን እየወሰዱ ጨረር ያለውን ተዉት። ቁጥሩ ወረደ። የዲኤንኤው ግንባታ ግን ቀጥሎ ነበር! ለዚያ ውጤት "ገቺ" የሚባል ፕሮቲን አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ለመለካት የምንጠቀምበት ቢአርዲዩ የሚባል ኬሚካልም የታይሚዲን አምሳያ ስለሆነ ለዚሁ ወጥመድ የተጋለጠ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ታይሚዲን 242 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ጥንድ ሆኖ ከ30,000 ዳልተን ይበልጣል፤ የነቃው ቲጂኤፍ ቤታ 25,000 ነው። ስለዚህ ፈሳሹን 10,000 ዳልተን ላይ በሚቆርጥ የሴንትሪፊውጅ ማጣሪያ አሳልፉት። ከላይ የቀረውን በአዲስ ሚዲየም ሞልታችሁ ወደ መጀመሪያው መጠኑ መልሱት፤ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ጥቃቅኑ ይታጠባል፣ ኮምጣጣው ይሄዳል፣ ምግቡም ይታደሳል። መንታውንም ልክ እንደዚሁ አድርጉት።

በመጀመሪያው ዙር ከታች የወረደውን ፈሳሽ አትድፉት። ምልክት አድርጉበትና እሱንም ፈትኑት። መግታቱ ከታች ከተገኘ የምታሳድዱት ነገር ፕሮቲን የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከላይ ከቀረ መንገዱ ተከፍቷል።

ፒኤችኤ ትልቅ ፕሮቲን ስለሆነ በዚህ ማጣሪያ አይወጣም። መንታው ፍላስክ አሁንም ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ዒላማ ሴል መምረጥ

ለኢንተርፌሮን ጋማ ሂላ ሴሎች ጥሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪዬታ ላክስ ከተባለች የካንሰር ታማሚ ያለ ፈቃዷ የተወሰዱ ናቸው፤ ስትጠቀሙባቸው ስሟን አስቡ። ለቲጂኤፍ ቤታ የተመረጡት ኤምቪ1ኤልዩ የሚባሉት፣ ሚንክ ከተባለ እንስሳ ሳንባ የመጡ ሴሎች ናቸው፤ በሚሊ ሊትር ከ1 ናኖ ግራም ባነሰ መጠን ይቆማሉ።

የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ በአይጥ ሴል ላይ አይሠራም። ቲጂኤፍ ቤታ ግን የእንስሳ ዘር አይመርጥም። ስለዚህ ፈሳሻችሁን በሰውም በአይጥም ሴል ላይ ብትሞክሩ ገና ከመጀመሪያው ፍንጭ ታገኛላችሁ።

ሂላን በአንድ ጉድጓድ 3,000 ሴል አድርጋችሁ በ100 ማይክሮ ሊትር አርፒኤምአይ ዝሩ። አንድ ሌሊት ይጣበቁ። የዳር ጉድጓዶቹ ስለሚደርቁ ፒቢኤስ ብቻ ሙሉባቸው።

ደረጃ 6፦ ፕሌቱን መደልደል

እያንዳንዱን ናሙና በሦስት ጉድጓድ አስገቡ። የሚያስፈልጓችሁ እነዚህ ናቸው፦

- ያልተነካ ሚዲየም ብቻ፤ መቶ በመቶ የምንለው ነው
- ቢአርዲዩ ያልገባበት ጉድጓድ፤ ለባዶው ንባብ
- ከነቁት ሴሎች የወጣው ፈሳሽ፣ በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት፣ በ16 እጥፍ የቀጠነ
- መንታው፣ በተመሳሳይ መንገድ የቀጠነ
- በደረጃ 4 ከታች የወረደው
- የተገዛ ንጹሕ ኢንተርፌሮን ጋማ፣ በሚሊ ሊትር ከ0.1 እስከ 100 ናኖ ግራም
- ሃይድሮክሲዩሪያ፣ 2 ሚሊ ሞላር

ሃይድሮክሲዩሪያ የዲኤንኤ ጡቦችን የሚሠራውን ኢንዛይም ይገታል። ከመለካታችሁ ጥቂት ሰዓታት በፊት ጨምሩት። እሱ ባለበት ጉድጓድ ቁጥሩ ካልወረደ የመለኪያ ዘዴያችሁ ተበላሽቷል፤ ሌላውን አትዩ።

100 ማይክሮ ሊትር ናሙና ስትጨምሩ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እንደገና በግማሽ እንደሚያቀጥነው አስታውሱ። ለ72 ሰዓት አቆዩት። ትሪፕቶፋን በአንድ ቀን አያልቅም፤ በ24 ሰዓት ብትለኩ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቢአርዲዩ አስገብቶ ማንበብ

በመጨረሻዎቹ ከ2 እስከ 4 ሰዓታት 10 ማይክሮ ሞላር ቢአርዲዩ ጨምሩ። በዚያች ሰዓት ዲኤንኤ እየሠራ ያለ ሴል ሁሉ ይውጠዋል። ጨረር የለውም፣ የጨረር ፈቃድም አይጠይቅም። ሆኖም ዲኤንኤ ውስጥ ስለሚገባ ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት።

ከዚያ የገዛችሁትን የቢአርዲዩ መለኪያ ኪት መመሪያ ተከተሉ። ሚዲየሙን አራግፉ፣ ሴሎቹን አድርቁ፣ በማጽኛው ፈሳሽ አቆዩ፣ አንቲቦዲውን ጨምሩ፣ እጠቡ፣ ማቅለሚያውን ጨምሩ። ማጽኛው ሌላም ሥራ አለው፤ የዲኤንኤውን ድርብ ክር ይፈታል። ክሩ ካልተፈታ አንቲቦዲው ቢአርዲዩውን አያገኘውም። ያንን ደቂቃ አታሳጥሩ።

ማቅለሚያው መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል። አሲድ ሲጨመር ቢጫ ይሆናል። በ450 ናኖ ሜትር አንብቡ።

ስሌቱ ይህ ነው፤ ከናሙናውም ከኮንትሮሉም ላይ ባዶውን ቀንሱ፣ ናሙናውን ለኮንትሮሉ አካፍሉ፣ ከ1 ላይ ቀንሱ፣ በ100 አባዙ። ለምሳሌ ባዶው 0.10፣ ኮንትሮሉ 1.80፣ ናሙናው 0.61 ቢሆን፣ 0.51 ለ1.70 ሲካፈል 0.30 ነው። መግታቱ 70 በመቶ ሆነ። መንታውንም በዚሁ መንገድ አስሉ። መንታው 65 በመቶ ከሆነ ግኝት የላችሁም። መንታው 10 በመቶ ከሆነ ቀጥሉ።

ሲቀጥንም ተከታተሉት። እውነተኛ ገቺ ሲቀጥን ደረጃ በደረጃ ይደክማል። በሁለት እጥፍ ብቻ ታይቶ በአራት እጥፍ ድራሹ የጠፋ ውጤት አጠራጣሪ ነው።

ደረጃ 8፦ ቆመ ወይስ ሞተ?

የሞተ ሴልም ዲኤንኤ አይሠራም። ስለዚህ "ገታ" ከማለታችሁ በፊት ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸውን አሳዩ። በትይዩ ባስቀመጣችሁት ፕሌት ላይ ሴሎቹን በትሪፓን ብሉ ቁጠሩ፤ የሞተው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሊምፎቶክሲንና ቲኤንኤፍ የመሳሰሉ ገዳዮችም በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ስላሉ ይህ የይስሙላ ጥያቄ አይደለም።

በጣም የምወደው ፈተና ግን ማጠብ ነው። ፈሳሹን አራግፉ፣ ሁለቴ በንጹሕ ሚዲየም እጠቡ፣ አዲስ ሚዲየም ጨምሩና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ቢአርዲዩ ስጧቸው። ተመልሰው ዲኤንኤ መሥራት ከጀመሩ ቆመው ነበር እንጂ አልሞቱም።

ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለካ ማሽን) ካላችሁ የዲኤንኤውን መጠን አቅልማችሁ ሴሎቹ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተከማቹ እዩ። ቲጂኤፍ ቤታ ከሆነ ዲኤንኤ ማባዛት ከመጀመሩ በፊት ባለው ደረጃ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

ደረጃ 9፦ ጥፋተኛውን በስሙ መጥራት

መጀመሪያ ሙቀት። ናሙናውን በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ሌላውን በ95 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በፈላ ውኃ 95 አይገኝም፤ ደረቅ ማሞቂያ ተጠቀሙ። ኃይሉ ከጠፋ ነገሩ ፕሮቲን ይመስላል። ካልጠፋ ግን ፕሮቲን አይደለም ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ቲጂኤፍ ቤታ ሙቀት ይችላል፣ እንዲያውም የተኛው ክፍሉ በሙቀት ሊነቃ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና አሲድ ነው፤ ሁለቱን ተጠርጣሪዎች ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። በ100 ማይክሮ ሊትር ናሙና ላይ 20 ማይክሮ ሊትር ባለ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሩ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። በ1.2 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በ0.5 ሞላር ሄፔስ ድብልቅ፣ በተመሳሳይ መጠን መልሱት፤ ፒኤቹ 7.2 አካባቢ መሆኑን በወረቀት አረጋግጡ። ኢንተርፌሮን ጋማ አሲድ አይችልም፣ ይበላሻል። ቲጂኤፍ ቤታ ግን የሚለቀቀው ታሽጎ ነው፤ አሲዱ እሽጉን ይከፍተዋል። ስለዚህ መግታቱ ከጠፋ ወደ መጀመሪያው፣ ከበረታ ወደ ሁለተኛው ዙሩ። ኤፍቢኤስ ራሱ የታሸገ የከብት ቲጂኤፍ ቤታ አለው። ያልተነካውን ሚዲየምም እኩል አሲድ አስነክታችሁ ካላወዳደራችሁ የላሙን ፕሮቲን የሰው ነው ትላላችሁ።

ሦስተኛው አንቲቦዲ ነው። ኢንተርፌሮን ጋማን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ከናሙናው ጋር ለ1 ሰዓት በ37 ዲግሪ አቆዩ፣ ከዚያ ወደ ሴሎቹ ጨምሩት። ጎን ለጎን ምንም የማይዝ፣ ዓይነቱ ተመሳሳይ የሆነ አንቲቦዲ ይግባ። በመጀመሪያው መግታቱ ተነስቶ በሁለተኛው ከቀጠለ ስሙን መጥራት ትችላላችሁ። በግማሽ ብቻ ከተነሳ ግብረ አበር አለ፤ የቲኤንኤፍንና የቲጂኤፍ ቤታን አንቲቦዲ በየተራ፣ ከዚያም አንድ ላይ ሞክሩ።

ይህን ሁሉ ቢያንስ ከሦስት ሰዎች በተቀዳ ደም፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሙት። በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራ አይደሉም። የሰው ደም ይለያያል፤ የአንዱ ሴሎች የሚለቁት ኢንተርፌሮን ጋማ ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሰው ነጥብ ግራፉ ላይ አሳዩ።

ደረጃ 10፦ ምግቡን መመለስ

ጥፋተኛው ኢንተርፌሮን ጋማ ሆኖ ከተገኘ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሴሉን ያቆመው ፍሬን ይዞ ነው ወይስ አስርቦ?

አርፒኤምአይ 1640 በሊትር 5 ሚሊ ግራም ትሪፕቶፋን ብቻ ነው ያለው። ዲኤምኢኤም የተባለው ሌላ ሚዲየም 16 ሚሊ ግራም አለው። በአርፒኤምአይ የታየ ጠንካራ መግታት ዲኤምኢኤም ላይ ቢለዝብ አይግረማችሁ። ፈተናው እንዲህ ነው፤ ግማሾቹ ጉድጓዶች ላይ ትሪፕቶፋኑን በሊትር ወደ 50 ሚሊ ግራም ከፍ አድርጉ፣ ሌሎቹን እንዳሉ ተዉ። ንጹሕ ኢንተርፌሮን ጋማ የገባባቸውንም እንዲሁ ሁለት ቦታ ክፈሉ። ብቻውን ትሪፕቶፋን የተጨመረበት ጉድጓድም ይኑር። 72 ሰዓት ጠብቁና ቢአርዲዩ ስጡ።

ትሪፕቶፋን ያገኘው መደዳ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ሴሎቹ የቆሙት በረሃብ ነበር። በከፊል ከተመለሰ ፍሬኑም ድርሻ አለው፤ ፒ21ን ለመለካት ተዘጋጁ። ምንም ካልተመለሰ ፍሬኑ ብቻውን ሠርቷል፣ ወይም ገና ያልያዛችሁት ሌላ አለ።

ከዚያ ሁለት ወር በኋላ በትክክለኛ መንታ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። ወራት ፈጅቶ እዚህ ደረጃ ላይ ስደርስ፣ ማቅለሚያው ላይ አሲዱን ጨምሬ ፕሌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ነጣ ካለው መደዳ አጠገብ፣ ትሪፕቶፋን ያገኘው መደዳ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ነበር።